ብድር የማይጠብቅ አገልግሎት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት፣ በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የመረጥሁት አርእስት ክርስቲያን ለባልንጀራው ስለሚያደርገው አገልግሎት ነው። አርእስቱ አዲስ አይደለም፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ከአባቶቻችን አፍ ስንሰማው የኖርነው ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የተሰማ ነገር ሁሉ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አገልግሎት በጠቅላላው ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ በእኛ አገር፣ በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በዓይናችን እያየነው ስለምናልፈው ስለ አንድ ባልንጀራ ጭምር ነው። ይህ ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

አንድ የሕግ ዐዋቂ ወደ ጌታችን ቀርቦ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን የመለሰለት በምሳሌ ነበር። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ የነበረ መንገደኛ በወንበዴዎች እጅ ወደቀ፤ ደበደቡት፣ ልብሱን ገፈፉት፣ በሞትና በሕይወት መካከል ጥለውት ሄዱ። ካህን አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊም አይቶት አለፈ። አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ ግን ቆመ፤ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ በራሱ አህያ ላይ ጭኖ ወደ እንግዳ ማደሪያ አደረሰው፤ ለሚያስታምመውም ሰው ከኪሱ ከፈለ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሦስት ነገር እናስተውል። መጀመሪያ፣ ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን ሰው አልመቱትም፤ በደላቸው አይተው ማለፋቸው ነው። ሁለተኛ፣ ሳምራዊው የሰውየውን አገርና ዘር አልጠየቀም፤ ያየው ቁስሉን ነው። ሦስተኛ፣ የቆሰለው ሰው ያለውን ሁሉ ስለ ተዘረፈ ብድሩን የሚከፍልበት አንዳች ነገር አልነበረውም። ሳምራዊውም ይህን እያወቀ አገለገለው።

ይህን ሦስተኛውን ነገር አጥብቀን እንያዘው፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ የሚረዳዳበት መልካም ልማድ ብዙ ነው። አዝመራ በደረሰ ጊዜ ጎረቤታሞች በወንፈል ተራ በተራ አንዱ የአንዱን እርሻ ያጭዳሉ። ቤት ሲሠራ ደቦ ይወጣል። ሰው ሲሞት እድርተኛው ተሰብስቦ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። በየደብሩ ሰንበቴ፣ በየቤቱ ማኅበር አለ። መኪና በማይደርስበት መንደር ሰው የታመመ እንደ ሆነም ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እየተፈራረቁ፣ ሐኪም ዘንድ ያደርሱታል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህ ልማድ የሚያኮራን ሀብታችን ነው፤ እንዲቀር የሚመኝም ሰው አይገኝም። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው ከዚህ የሚበዛው ብድር ያለበት መሆኑን እናገኘዋለን። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለአንተ ያጨድሁት ነገ ለእኔ እንድታጭድልኝ ነው። እድርም የሚቆመው በመዋጮ ነው። ማኅበርም ተራ አለው፤ የዛሬው ተጋባዥ የወር ደጋሽ ይሆናል። ይህን ማለቴ ለመንቀፍ አይደለም፤ ብድሩን በታማኝነት የሚመልስ ሕዝብ የተከበረ ሕዝብ ነው። ጌታችን ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ግብዣ ባደረግን ጊዜ መልሰው ሊጋብዙን የማይችሉትን ድኾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን እንድንጠራ አስተምሯል። እንግዲህ የክርስቲያን አገልግሎት የሚጀምረው ወንፈሉ ከሚያልቅበት ላይ ነው ማለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህንንም ሳያውቁት አልቀሩም። የጎጃምን የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመናት ያቆማቸው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በየመንደሩ ያለች ባለቤት ናት። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ አገር ርቆ ይሄዳል። ከደጅ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ሲለምን፣ ያቺ ባለቤት ማን ልጅ እንደ ሆነ ሳታውቅ ከልጆቿ እንጀራ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ልጁ ነገ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል፤ ተመልሶ አያመሰግናትም፤ ሊቅ በሆነ ጊዜም ስሟን አያውቀውም። በዲማ፣ በጎንጅ፣ በዋሸራ፣ በደብረ ኤልያስ ተምረው ስማቸው የተጠራ ሊቃውንት ሁሉ ያደጉት በእንደዚህ ያለው ቁራሽ ነው። ደራሲው ሐዲስ አለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከማንኩሳ የተነሣውን በዛብህን የቆሎ ተማሪ አድርገው የሣሉት ይህን ኑሮ ስለሚያውቁት ነው። ብድር የማይጠብቅ አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይኸው ይታያል። በመካከላችን ብዙ ዲያቆናት አላችሁ። ዲያቆን ማለት በግሪክ ቋንቋ አገልጋይ ማለት እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዲያቆናትም የተሾሙት ችላ የተባሉት መበለቶች የዕለት ምግባቸውን እንዲያገኙ መሆኑን ታውቃላችሁ። በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ቸነፈር በገባ ጊዜ ብዙ ሰዎች የታመሙ ዘመዶቻቸውን ወደ ጎዳና ሲጥሉ፣ ክርስቲያኖቹ በሽተኛውን እያስታመሙ ከእነርሱም ብዙዎቹ አብረው እንደ ሞቱ የዚያ ዘመን የእስክንድርያ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ጽፏል። በ4ኛው መቶ ዓመትም ቅዱስ ባስልዮስ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። የሥጋ ደዌ የያዛቸውንና ሰው ሁሉ የሸሻቸውን ሳይጸየፍ ያቅፋቸው እንደ ነበረ ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ አሁን ወደ ኋላ እገልጻለሁ ወዳልሁት ባልንጀራ ልመለስ።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው በየሳምንቱ ረቡዕ ከሚቆመው ገበያ ነው። በዚያ ቀን ገበሬው ከጮቄ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ገብሱን፣ ስንዴውንና ድንቹን ይዞ ይመጣል። ገበያተኛ ሁሉ የሚያየው እህሉንና ከብቱን ነው። አንድ ቀን ግን የገበያተኛውን እግር ብቻ ተመልከቱ። ከብዙ እግር መካከል ያበጠ፣ ቆዳው የወፈረና ጠጠር ጠጠር ያለ፣ ጫማ አልገባ ያለው እግር ታያላችሁ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ለየት ብሎ ከዳር ይቀመጣል። ይህ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ነው፤ በሐኪሞች ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከወንፈላችን ውጭ የቀረው ባልንጀራችን እርሱ ነው።

ስለዚህ በሽታ ጥቂት ላብራራ፤ ያላወቁትን ሰው ማገልገል አስቸጋሪ ነውና። የብዙ ሰዎች አሳብ በሽታው የሞተ እባብ ከመርገጥ፣ ከመተት ወይም ከእግዚአብሔር ቁጣ የሚመጣ ነው የሚል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የበሽታውን ምክንያት ለማወቅ ወደ ገበያዎች ሄዱ። በየገበያው በሽተኛውን እያስቆጠሩ በሽታው የሚበዛበትን አገር ለዩ። ከዚህም በሽታው ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር በሚገኝበት አገር፣ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ አስረዱ። የአፈሩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ በሰውነት ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ሥር እያቆሰለ ይዘጋዋል፤ እግሩም ያብጣል። እንግዲህ በሽታው የሚመጣው ከምናርሰው መሬት ነው እንጂ ከእርግማን አይደለም። ሕዋስ ወይም ትል የሚያመጣው ስላልሆነም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ መደብ ላይ አብሮ በመቀመጥ፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ እጅ በመጨባበጥም ሆነ እግሩን በማጠብ አይጋባም።

«የዘር ነው» የሚለውም አነጋገር መታረም ይገባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ ምርምር አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ተጋላጭ ሆኖ እንደሚወለድና ይህም በቤተሰብ ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ከእንደዚህ ካለ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማና እግሩን ቢታጠብ በሽታው አይዘውም። ስለዚህ የበሽተኛውን ልጅ ለጋብቻ የሚጠየፍ ሰው ሊጠየፍ የሚገባው ባዶ እግርን እንጂ ልጅቱን አይደለም።

ብዛቱንም እንመልከት። በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙት 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። በእኛው በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች መካከል 3.3 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ይህም በ100 ሰው ከ3 ሰው በላይ ማለት ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 ዓመት በፊት፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣት አካባቢ ያሳክካል፤ ያቃጥላል፤ ማታ ማታ እግር ያብጥና ሲነጋ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ የተደረሰበት እንደ ሆነ በመታጠብና በጫማ ሊመለስ ይችላል። ችላ የተባለ እንደ ሆነ ግን እብጠቱ ይጠነክራል፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም እየተነሣ ሰውን ለቀናት ከአልጋ ላይ ይጥለዋል። በወላይታ የተደረገ ጥናት በሽተኛ ከሥራ ጊዜው 45 ከመቶ የሚሆነውን እንደሚያጣ አረጋግጧል። ከእርሻው ግማሽ ያህሉን የሚያጣ ገበሬ ቤት እንዴት እንደሚሆን ወላጆቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ታዲያ እኛ ለዚህ ሰው ምን አደረግንለት? እውነቱን መናገር ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው አይተነው አለፍን፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የባሰ አደረግን። በየጥናቱ እንደ ተመሰከረው በሽተኛው በማኅበር ለብቻው ይቀመጣል፤ ጽዋ ሲዞር ይታለፋል፤ በቤተ ክርስቲያን ከዳር ይቆማል፤ ልጁን የሚያገባለት ያጣል። ተማሪ የሆነ እንደ ሆነ የጓደኞቹን ሹክሹክታ መቋቋም ስለሚያቅተው ደብተሩን ዘግቶ ከቤት ይቀራል። ወንፈልም አይጠራም፤ የሰውን ወንፈል ለመመለስ ጉልበት የለውምና። አያችሁን? ብድር መመለስ ያልቻለውን ሰው ልማዳችን ጣለው። ክርስትናችን ሊያነሣው የሚገባው እዚህ ላይ ነበር።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታችንም ከሁለቱም ወገን አንዱን በደለኛ አላደረገም፤ ዐይኑን አበራለት። በበሽተኛ ላይ ኃጢአት መፈለግ የዳኛ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ለክርስቲያን የተሰጠው ሥራ ግን የአስታማሚ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ለዚህ በሽታ የሚሆነው ዋነኛ ሕክምና ምን ይመስላችኋል? እግር ማጠብ ነው።

የሕክምናው ሥርዓት እንዲህ ነው። በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ ጤና ባለሙያ ባዘዘው መጠን ጥቂት በረኪና ወይም ሌላ መድኃኒት በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር በጨርቅ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፤ በተቀመጡ ጊዜ እግርን ከፍ ማድረግና ማንቀሳቀስ፤ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ። በ2007 ዓ.ም. በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ፣ 696 በሽተኞች የተካፈሉበት አንድ ትልቅ ምርምር ተጀምሮ ነበር። ይህን የእጥበት ሥርዓት ለአንድ ዓመት የተከተሉት፣ ገና ካልጀመሩት ጋራ ሲነጻጸሩ፣ ትኩሳት ያለበት ሕመም የሚነሣባቸው ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ውሃ፣ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፤ ሕክምናው እንዲህ ባሉ ቀላል ነገሮች የሚሠራ ነው።

ጌታችን ከሕማሙ በፊት በነበረችው ሌሊት ከማዕድ ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ በኵስኵስት ውሃ ቀድቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። የአገልጋይን ሥራ ጌታው ሠራው። ጴጥሮስ አፍሮ ሊከለክለው ሞከረ፤ ጌታም ይህን ካልተቀበለ ከእርሱ ጋራ ዕድል እንደሌለው ነገረው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በማሰብ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የሕጽበተ እግር ሥርዓት ትፈጽማለች፤ ታላላቆች አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። የጎጃም ሰውም የመሸበት እንግዳ ሲመጣበት ውሃ አሙቆ እግሩን ሳያጥብ አያስተኛውም ነበር። እንግዲህ እግር ማጠብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በመቅደስም በቤትም የምናውቀው ነው። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዓመት አንድ ቀን በሥርዓት የምናየውን ሥራ መታጠብ ለሚያስፈልገው እግር ማድረግ ነው።

ይህን የጀመሩ ሰዎች አሉ። በወላይታ ሶዶ ብዙ ዘመን ያገለገሉት ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎ ለእነዚህ በሽተኞች ብቻ የሚሠራ የሕክምና ሥራ አቋቋሙ። በዚያ የዳኑት በሽተኞች ራሳቸው ሌሎቹን በሽተኞች የሚያጥቡና የሚያስተምሩ ሆኑ። በደብረ ማርቆስ አካባቢም የዓለም አቀፍ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የበጎ አድራጎት ድርጅት ለበሽተኞች እጥበትና ጫማ የሚሰጥበትን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ዳሩ ግን እጥበቱ የየቀን ሥራ ስለ ሆነ ከሩቅ የሚመጣ ድርጅት ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ድርጅት በወር አንድ ቀን ይመጣል፤ ጎረቤት ግን ጧትና ማታ አለ።

«እኛ ራሳችን ድኾች ነን፤ ምን አለንና እንረዳለን?» የሚል ሰው አይታጣም። ለዚህ መልስ የሚሆኑን ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ ወሎ በረኃብ ላይ ነበረች። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ አልቻሉም፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለጸጋ አልነበሩም፤ ስለ ልጆቹ ሲሉ ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው፣ እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ እናቴ የሚላቸው ሰው ቍጥሩ ብዙ ነበር። ለበረከት ወደ ግሸን የሄዱት እኚህ ሴት በረከቱን ያገኙት በመንገድ ዳር ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህ የመንግሥትና የጤና ጣቢያ ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ሐኪምና መድኃኒት የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ነገር ግን ከጽዋ ላይ የታለፈውን ሰው ከጎኑ ጠርቶ የሚያስቀምጥ የመንግሥት ሠራተኛ አይሾምም። ይህ የጎረቤት ሥራ ነው።

ጓደኞቼ፤ አገልግሎትን የሚያበላሹ ነገሮችም ስላሉ ጥቂት ልናገር። ሰውን እያገለገሉ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለሰው ማሳየት አገልግሎቱን ወደ ንግድ ይለውጠዋል፤ ዋጋውም ምስጋና ይሆናል። ሰውየውን በአደባባይ አስቀምጦ እግሩን ማጠብም ደግነት መስሎ ማዋረድ ነው። እንዲሁም ስለ ረዳሁት ይታዘዘኝ፣ ማኅበሬ ይግባ፣ ምክሬን ይስማ ማለት ብድሩን በሌላ መንገድ መጠየቅ ነው። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነውንም ሰው እንደ ራሳችን ወገን ማገልገል ይገባናል፤ ሳምራዊው አልጠየቀምና። ከሁሉ በላይ ግን የምናገለግለው ሰው ራሱን ችሎ እግሩን እንዲያጥብ፣ ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ ነገ ለሌላው ሰው ውሃ የሚያቀርብ እንዲሆን መርዳት አለብን። ሁልጊዜ ተቀባይ አድርጎ ማስቀረት ሰውን አያከብርም። አገልግሎት ማለት ጌታ ሆኖ መስጠት አይደለም፤ ሎሌ ሆኖ መሥራት ነው።

እንግዲህ በሥራ የሚፈጸም እንዲሆን እያንዳንዳችን ምን ማድረግ እንደምንችል በአጭሩ ላመልክት።

ተማሪዎች ሆይ፤ በክፍላችን እግሩ ማበጥ የጀመረ ጓደኛ ቢኖር ከአጠገቡ እንቀመጥ። የሚሾፍበትን ዝም አናሰኝ ብንል እንኳ አብረን አንሣቅ። በሽታው እንደማይጋባ ለቤተሰቦቻችን እንናገር፤ ይህን በመናገር ብቻ አንድን ሰው ወደ ማኅበሩ ልንመልስ እንችላለን። በሰፈራችን ውሃ መቅዳት ያቃታቸው አረጋዊ በሽተኛ ቢኖሩ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንድ ጀሪካን ውሃ ማድረስና «አባባ፣ እግርዎን ላጥብልዎ» ማለት አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። እምቢ ያሉ እንደ ሆነ ውሃውን አስቀምጠን፣ ሳሙናውን ሰጥተን፣ በማግሥቱ ደግመን እንሂድ። ጴጥሮስም መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ እግሩ ስላበጠ ከትምህርት የቀረ ልጅ ስሙ ከመዝገብ ከመሠረዙ በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው እንዲኖር እንለምናችኋለን። በትምህርት ቤቱም ግቢ ተማሪ እግሩን የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና ቢዘጋጅ ብዙ ሕፃናት ከበሽታው ይድናሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ለልጅ ለበዓል ከሚገዛው ልብስ በፊት ለእግሩ ጫማ ይገዛለት፤ ኮንጎ ጫማም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል። ጫማው ግን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚደረግ አይሁን፤ አፈሩ የሚበዛው በእርሻው ላይ ነውና። በሰንበቴና በማኅበር ደግሞ ከዳር የተቀመጠውን ጎረቤት ስሙን ጠርታችሁ ወደ መካከል አምጡት። ወንፈል መመለስ የማይችለውን ሰው እርሻም በዓመት አንድ ቀን እንኳ ያለ ብድር እረሱለት።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውሃ ለብዙ አገር የሚበቃ ነው። ከበራችን የሚያልፈውን ይህን ውሃ በአንድ ሳፋ ቀድተን ለባልንጀራችን እግር ማቅረብ ቢያቅተን፣ ድኾች ነን የሚለው ምክንያት አያድነንም። ጌታችን በፍርድ ቀን የታመመውን ስለ መጠየቃችንና የተራበውን ስለ ማብላታችን እንደሚጠይቀን፣ ለእነዚያም የተደረገውን ለራሱ እንደ ተደረገ እንደሚቈጥረው ነግሮናል። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ሐኪም፣ መምህር፣ ገበሬ ወይም ነጋዴ ብንሆን፣ ብድሩን ሊከፍለን የማይችል አንድ ሰው እንኳ በየዕለቱ ብናገለግል ትምህርታችን ለሰው ጠቀመ ማለት ይቻላል።

እግዚአብሔር አይተን ከማለፍ ይጠብቀን።